ቡናን አጣጥሞ ስለ መጠጣት

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ጧት ቢሮ ገብታችሁ የመጀመሪያውን ፋይል ሳትገልጡ አንድ ስኒ ቡና መጠጣት ልማዳችሁ ነው። ዳሩ ግን ስኒው ባዶ ከሆነ በኋላ «የጠጣችሁት ቡና ጣዕሙ ምን ይመስል ነበር?» ተብለን ብንጠየቅ፣ «ጥሩ ነው» ወይም «ትኩስ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ የምንሰጥ ስንቶቻችን ነን? ቡናን ለዓለም ያበረከተች አገር ልጆች ሆነን ሳለን፣ ቡናን የምንፈልገው ድካምንና እንቅልፍን ለማባረር ብቻ መሆኑ የሚያሳዝን ነገር ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ቡና አጣጥሞ መጠጣት ምን ማለት እንደ ሆነና ምን እንደሚጠቅም በአጭሩ እንመለከታለን።

እኔ ራሴ ይህን ነገር ማሰብ የጀመርኩት በገፈርሳ ነው። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ፣ በቡራዩ በኩል የሚገኝ ደጋ ሥፍራ መሆኑን ታውቃላችሁ። አንድ እሑድ ቀን ከመንገዱ ዳር ቡና ከሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ተቀምጬ፣ ስኒው እንደ ቀረበልኝ እንደ ልማዴ ሦስት ማንኪያ ስኳር ልጨምር ስል፣ «ልጄ፣ ምን እንደ ጎደለው ሳትቀምስ ምኑን ልትሞላ ነው?» አሉኝ። አፍሬ ማንኪያውን መለስኩ። ቡናውንም እንዲሁ ብቀምሰው መራራ ብቻ ይሆናል ያልኩት ነገር በመጀመሪያ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት፣ ቀጥሎም የማር ዓይነት ጣፋጭነት ተሰማኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስጠጣ የኖርኩት ለካ ስኳሩን ኖሯል።

ለመሆኑ ጣዕም የሚባለው ነገር የሚታወቀው በምንድን ነው? ምላስ ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ይኸውም ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ ጨዋማ፣ መራራ፣ በአምስተኛም እንደ ሥጋ መረቅ ያለውን ጣዕም ነው። የቀረው ሁሉ፣ የአበባው፣ የሎሚው፣ የፍራፍሬው ስሜት፣ ከአፍ ወደ አፍንጫ በውስጥ በኩል የሚወጣው ሽታ ነው። ይህን ለመረዳት የሚሻ ሰው አፍንጫውን ይዞ ቡና ይቅመስ፤ ከመራራነትና ከኮምጣጣነት በቀር ምንም አያገኝም። አፍንጫውን የለቀቀ እንደ ሆነ ግን ቡናው ወዲያው ቡና ይሆናል። እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ ጢሱን በእንግዶቹ ፊት ማዞራቸው ከንቱ ሥነ ሥርዓት አይደለም፤ ቅምሻ ከአፍንጫ እንደሚጀምር ከሊቃውንቱ በፊት ያወቁ እነርሱ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ውሃውን እንመልከት። በስኒ ውስጥ ካለው ቡና 98 እጅ ያህሉ ውሃ ነውና፣ ውሃው ካልተስማማ የተመረጠ ቡናም አይጣፍጥም። በ1960ዎቹ የለገዳዲ ግድብ ሥራ እስኪጀምር ድረስ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ቡናውን ያፈላ የነበረው በገፈርሳ ግድብ ውሃ ነበር፤ ገፈርሳ ዛሬም ለከተማይቱ ውሃ ይሰጣል። የቧንቧ ውሃ ከተሐዋስያን የሚጠራበት ክሎሪን ሽታው በቡናው ላይ እንዳይገባ፣ ውሃውን ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ጥቂት አቆይቶ ማፍላት መልካም ነው። ደግሞም ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በገፈርሳ ግን በ91 ዲግሪ ግድም ይፈላል። የቡና ቀማሾች የሚመርጡት ሙቀት 93 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፣ ለእኛ ደጋ ተፈጥሮ ራሷ ልኩን አቅርባልናለች ማለት ይቻላል። ቡናውን የሚያበላሸው ከፈላ በኋላ ጀበናውን በእሳት ላይ ማቆየት ነው። አቦሉ መዓዛውንና ጣፋጩን ይዞ ይወጣል፤ ለበረካ የሚተርፈው ግን ይበልጡን መራራው ነው። ስለዚህ ጣዕም የሚመረምር ሰው ከአቦሉ ላይ ይመርምር።

የቡናው አገርና አዘገጃጀትም ልዩነት ያመጣል። የይርጋጨፌ ቡና በአበባና በሎሚ መዓዛው የታወቀ ነው። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ ስለሚደርቅ የፍራፍሬ ጠባይ ይበዛበታል። እሸቱ ተፈልፍሎ ከታጠበ ጣዕሙ ጥርት ይላል፤ በጀንፈል ከደረቀ ደግሞ ይወፍራል፣ ይጣፍጣል። በእርጥብ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ግን አፈርና ሻጋታ ይሸታል። ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋው ቆላሹ ነው፤ ከሰል እስኪመስል የተቆላ ቡና ከየትም አገር ቢመጣ ጣዕሙ አንድ ነው፣ እርሱም የቃጠሎ ጣዕም ነው። ፍሬው ተንጣጥቶ ካበቃ በኋላ ሳይቆዩ ማውጣት ይገባል።

ባለሙያ ቀማሾች ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8 ግራም ከሩብ የተፈጨ ቡና ይመዝናሉ። ውሃውን ካፈሰሱ በኋላ አራት ደቂቃ ያህል ይጠብቁና ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ገፍተው ያሸታሉ። ቡናው በረድ ሲል በማንኪያ ጨልፈው በኃይል ይስባሉ፤ ይህም ቡናው በአፍ ውስጥ ሁሉ እንዲረጭና መዓዛው ወደ አፍንጫ እንዲደርስ ነው። ከአንድ ዓይነት ቡና አምስት ስኒ የሚቀምሱት አንዲት የተበላሸች ፍሬ እንዳታመልጣቸው ብለው ነው። በጨዋ ሰው ፊት ቡና መሳብ ነውር ቢሆንም፣ በቅምሻ ቤት ግን የሙያ ምልክት ነው። ጥቁር ቸኮላትም የሚቀመሰው በዚሁ ትዕግሥት ነው፤ ሳይታኘክ በምላስ ላይ ሲቀመጥ ቅቤው በአፍ ሙቀት ይቀልጥና መዓዛውን ይለቃል።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለሀብታም መዝናኛ ካልሆነ በቀር ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነው። «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ውድድር በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተደረገ ጊዜ፣ ከሲዳማ የመጣ የአንድ ገበሬ ቡና ከ100 ነጥብ 91 ያህል አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ በጨረታም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው አንድ ፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጠ። ያን ዋጋ ያወጣው የቀማሹ ምላስ ነው። በአንጻሩ ደግሞ አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ራሳችን ስንሆን፣ ለውጭ ገበያ አይበቃም ተብሎ የተለየው ለእኛ ሲቀርብልን ኖሯል። የተለየውን ቡና ሳናውቀው የጠጣነው በስኳርና በቃጠሎ ሸፍነን ስለ ሆነ፣ ነጋዴውም የተሻለ ለማቅረብ የሚያስገድደው ነገር አላገኘም። ቀይ እሸት ብቻ እየመረጠ የሚለቅም ገበሬም ድካሙ በአገሩ ሰው ዘንድ ሳይታወቅለት ይቀራል። ጣዕም የማያውቅ ገዢ መልካም ሠሪን ይጎዳል።

እንግዲህ፣ አንባብያን ሆይ፣ ከእናንተ የሚፈለገው ነገር ቀላል ነው። በሚመጣው እሑድ ቡና ስትገዙ ከየት አገር እንደ መጣና እንዴት እንደ ደረቀ ሻጩን ጠይቁ። ሲቆላ ቅረቡና አሽቱ። ከአቦሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉንጭ ያለ ስኳር፣ ያለ ወሬም ቅመሱ። ከዚያ በኋላ ስኳርም ሆነ ጨው፣ ወይም እንደ አገሩ ልማድ ቅቤ፣ የወደዳችሁትን ጨምሩ፤ የሚጎድለውን አውቃችሁ ትሞላላችሁና። ሰኞ ጧት ቢሮ ስትገቡም ጓደኛችሁ «ቡናው እንዴት ነው?» ቢላችሁ፣ ከ«ትኩስ ነው» የተሻለ መልስ ይኖራችኋል።