በክብደቱ ሳይሆን በቅርጹ የሚሸጥ ዕቃ

ዱቄት የሚነፋ ሰው ስለ ወንፊቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቀዳዳውን ስፋት ነው። በሳይንስ መሣሪያዎች ገበያም ይህን የሚመስል ዕቃ ይገኛል፤ ይኸውም የቴራኸርትዝ ሞገድ ማጣሪያ ነው።

ቴራኸርትዝ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል የሚገኝ ሞገድ ነው። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገበው ሞገድ ርዝመቱ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ወረቀትን፣ ካርቶንን፣ ደረቅ ጨርቅንና ብዙውን ፕላስቲክ አልፎ ይሄዳል፤ እንደ ኤክስሬይም ኤሌክትሮንን ከአቶም የመንጠቅ ኀይል የለውም። ስለዚህ የታሸገን ዕቃ ሳይከፍቱ ለመመርመር ያገለግላል። ነገር ግን ብረት ይመልሰዋል፤ ውሃም ይውጠዋል፤ በቆርቆሮ ለታሸገ ወይም ለረጠበ ዕቃ አይሆንም።

መርማሪው መሣሪያ የሚፈልገውን ሞገድ ለይቶ ካልተቀበለ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ የሚመጣው ጨረር ምልክቱን ይሸፍንበታል። የማጣሪያው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በቀጭን ፕላስቲክ ወይም ሲሊኮን ላይ የመዳብ ወይም የወርቅ ስስ ሽፋን ይደረግና፣ ከሞገዱ ርዝመት የሚያንሱ መስቀሎች ወይም ቀለበቶች ይቀረጹበታል። አጭር የክራር ክር ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ትንሹም ቅርጽ ለፈጣኑ ሞገድ ይመልሳል። በመስቀል ቅርጽ የተበሳ ሽፋን የተስማማውን ሞገድ ያሳልፋል፤ በመስቀል ቅርጽ የቀረ ብረት ግን ያንኑ ያግዳል። ጠባዩን ከተሠራበት ነገር ይልቅ ከቅርጹ ስለሚያገኝ እንዲህ ያለው ሥራ ሜታማቴሪያል ይባላል።

ነገሩ ድንገት የተገኘ አይደለም። ሬይንሃርድ ኡልሪኽ ስለ ብረት መረብ ማጣሪያ ጥናቱን ያሳተመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ፔንድሪና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. የተሰነጠቁ ቀለበቶችን ጠባይ ገለጹ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ይኸው ጠባይ በቴራኸርትዝ ተፈትኖ ታየ። በ2009 እ.ኤ.አ. ወደ ሕዋ የተላኩት ሄርሸልና ፕላንክ የተባሉት የአውሮፓ መንኰራኵሮችም በዌልስ የሚገኘው የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸውን የብረት መረብ ማጣሪያዎች ይዘው ነበር።

እንግዲህ ይህን ዕቃ ለላቦራቶሪ ወይም ለፋብሪካ የሚያስመጣ ነጋዴ «ወርቅ ነው ወይስ መዳብ?» ከማለት አስቀድሞ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል፤ የሚያሳልፈው የትኛውን ድግግሞሽ ነው? ከዚያስ ምን ያህሉን ያሳልፋል? የቀረውንስ ምን ያህል ያግዳል? የቅርጹ መጠን ሁሉ ከመቶ አንድ እጅ ቢያንስ፣ ድግግሞሹ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ከፍ ይላል። በዓይን ሲያዩት አንዱ ከሌላው አይለይም፤ መለኪያውን በውሉ ላይ ሳያስጽፍ ያዘዘ ነጋዴ ግን ገንዘቡንም የደንበኛውንም እምነት ሊያጣ ይችላል።