ምጣዱና ሞፈሩ አጠገብ የሚሳቀው ሳቅ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር ትንሽ ልጅን ማጫወት የሁሉም ሥራ ነው። ቡና ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ወንዱን «ሚስትህ ማን ናት?»፣ ሴቷን «ማንን ነው የምታገቢ?» ይላል፤ የልጁ መልስ ምንም ይሁን ምን ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ክፋት የለበትም። ልጅን መውደድ የሚገለጥበት መንገድ ነውና ይህ ጨዋታ ከቤታችን ይጥፋ አልልም። ሳቁ ምን እያስተማረ እንደሆነ ማየት ግን ይገባናል።

እናት ሕፃን ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «ነይ እናቴ» ትለዋለች፤ ሴቷንም «ና አባቴ» ትላታለች። በጨቅላነት ሁለቱም እኩል ፍቅር ናቸው። ልጆቹ አራት አምስት ዓመት ሲሆናቸው ሚዛኑ ያጋድላል። ወድቆ ያለቀሰው ልጅ «አንቺ» ሲባል ስድብ ይሆናል፤ የበረታችው ልጅ «ወንድ ናት!» ስትባል ምስጋና ነው። ልጁ ከዚህ የሚረዳው ወደ ሴት መጠጋት መውረድ፣ ወደ ወንድ መጠጋት መውጣት መሆኑን ነው። ማንም አስቀምጦ አላስተማረውም፤ የሚስቀውን ሰው ፊት እያየ ተማረው። ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን ይለያሉ፤ በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት ደግሞ «ይህ የወንድ ነው፣ ያ የሴት ነው» የሚለውን ደንብ አጥብቀው ይይዛሉ። ቀልዱ የሚበዛባቸውም በዚሁ ዕድሜ ነው።

ቀልዱ የሚጠብቀውን አጥር ለማየት ወደ ማሳው መውጣት ያስፈልጋል። የጎጃም ገበሬ ሚስት ታርማለች፣ ትኮተኩታለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። የከለከላት ሕግ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና አስተዳደር ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል። ሆኖም ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ብዙውን ጊዜ መሬቷን ለሌላ ሰው በእኩል ትሰጣለች፤ የምርቷ ግማሽ በአራሹ እጅ ይገባል። ምክንያቱ የጉልበት ወይም የበሬ እጦት ብቻ አይደለም። በአምስት ዓመቷ ጅራፍ ይዛ ከበሬ ኋላ ስትቆም ተስቆባታል፤ በሠላሳ ዓመቷም እንደሚሳቅባት ታውቃለች። ወንዱም ከጉዳቱ አያመልጥም። ምጣድ አጠገብ ሲቀመጥ እየተሳቀበት ያደገ ገበሬ ሚስቱ ስትታመም የሚጋግርለት ጎረቤት ይፈልጋል፤ አለዚያም ገና ያልጠናች ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል።

ከጎጃም ብዙም ሳይርቅ፣ በደቡብ ጎንደር ፎገራ፣ ይህን አጥር ያፈረሱ ሰዎች አሉ። የአውራ አምባ ማኅበረሰብ መሥራች ዙምራ ኑሩ ገና ልጅ ሳለ፣ እናቱ ከአባቱ ጋር እኩል ማሳ ውላ ማታ የቤቱን ሥራ ብቻዋን ስትሸከም አይቶ ለምን ብሎ ጠየቀ። ሰው እንደ እብድ ቆጠረው። በ1964 ዓ.ም. በተመሠረተው ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ሴት ታርሳለች፣ ወንድም እንጀራ ይጋግራል። የእኛ ገበሬ ጉልበት ከእነሱ አይለይም፤ ልዩነቱ እዚያ የሚያድግ ልጅ አባቱ ምጣድ ሲያሰማ እያየ ማደጉ ላይ ነው።

ቀልዱን ሳያጠፉ ማዞር ይቻላል። ምጣድ አጠገብ የተገኘውን ልጅ «እንጀራህ ዓይን አወጣ ወይ?»፣ ጅራፍ ያነሣችውን «የትኛው በሬ ነው እምቢ ያለሽ?» ብሎ ማጫወት ያው ያስቃል፤ ልጁም ሥራውን እንጂ ማፈርን አይማርም። በእኔ እምነት ይህን መጀመር ያለባቸው አባቶች፣ አያቶችና አጎቶች ናቸው። እናትማ ብዙ ጊዜ ልጇን ጓዳ አስገብታ ታሠራዋለች፤ ከጓዳ ሲወጣ የሚሳቅበት ሳሎን ባሉት ወንዶች ነው።