ሰዓቴ አወፈረችኝ!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በእጅ ሰዓት ምክንያት የወፈረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የሞባይል መሸጫዎች ከአንዱ ገባሁና፣ ሻጩን "ኧረ ትንሽ ቀንስ" እያልኩ ተከራክሬ፣ እርምጃና ያቃጠልነውን ካሎሪ ትቆጥራለች የተባለች ርካሽ ስማርት ዋች ገዛሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬም ተመሳሳይዋን ገዛች። ሰርጓ ደርሷል፤ ቬሎው እንዲገባላት ቀነስ ማለት ፈልጋለች።

እኔ ጠዋት ጠዋት ከመድኃኔዓለም እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ መኳተን ጀመርኩ። ሰዓቷ "600 ካሎሪ አቃጥለሃል" ስትለኝ፣ "እንግዲያውስ ይተካ!" ብዬ ወደ ቁርስ ቤት። እንቁላል ፍርፍር፣ ማኪያቶ፣ ከላይ ዶናት... በሁለት ወር ሦስት ኪሎ ጨመርኩ! ባልደረባዬ ደግሞ ሰዓቷ 600 ካላለች እህል በአፏ አይዞርም። አንድ ቀን የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆመች ዥው አለባትና ወደቀች። ሐኪሙ መርምሮ "ሌላ ችግር የለብሽም፤ ምግብ ብዪ!" አላት። እኔ ቁጥሩን አምኜ ወፈርኩ፣ እሷ አምናው ወደቀች።

ታዲያ ሰዓቷ ዋሽታ ነው? አይደለም፤ ገምታ ነው። ካሎሪን የሚለካ ነገር በውስጧ የለም። ከጀርባዋ በምታበራው አረንጓዴ መብራት የደም ሥራችንን ዓይታ የልብ ምት ትቆጥራለች፤ የእጃችንን እንቅስቃሴ ተከትላ እርምጃ ትደምራለች። ከዚያ የሞላንላትን ዕድሜ፣ ክብደትና ቁመት ደባልቃ ካሎሪውን በስሌት ትገምታለች። እጃችሁን ኪስ ከታችሁ ብትሄዱ እርምጃ ሊጎድል፣ ልብስ ስታጥቡ ደግሞ "ተራምዳችኋል" ልትላችሁ ትችላለች።

የርካሽ ዕቃ ነገር ነው እንዳትሉ! የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት ሰባት ዓይነት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነዋል፤ ስመ ጥር ብራንዶችም ነበሩበት። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ቆጠሩ። ካሎሪ ላይ ሲደርሱ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ በ27 በመቶ፣ የባሰው በ93 በመቶ ሳቱ!

10 ሺህ እርምጃ የሚባለውም የሐኪም ትእዛዝ እንዳይመስላችሁ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን በድጋሚ ባሸነፈ ማግስት፣ በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ። ስሙን "ማንፖ-ኬይ" አለው፤ የ10 ሺህ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ቁጥሩ ከዚያ የመጣ የገበያ ስም ነው።

እንግዲህ ልትገዙ ስትወጡ ከእኔ ሞኝነት ተማሩ። አንደኛ፣ ሰዓቷን እሰሩና በጣታችሁ የእጅ አንጓችሁን ይዛችሁ የልብ ምታችሁን ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ፤ በሁለት አባዙት። ከዚያ እዚያው 20 ጊዜ ቁጭ ብድግ በሉ፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ! የሷና የናንተ ቁጥር ካልተቀራረበ፣ ከቁጭ ብድጉም በኋላ ከፍ ካላለ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ሁለተኛ፣ ከሱቁ በር ላይ 100 እርምጃ ቆጥራችሁ ከሰዓቷ ጋር አስተያዩ። ሦስተኛ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አፑ ከራሳችሁ ስልክ ጋር መሥራቱን እዩ። አራተኛ፣ ቻርጀሩና ማሰሪያው ቢጠፋ ወይም ቢበጠስ ሌላ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ፤ አለዚያ ነገ ጌጥ ሆና ትቀራለች።

"ስኳርም ትለካለች" ካላችሁ ግን ሩጡ! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ቆዳ ሳይወጋ ስኳር የሚለካ ሰዓት ወይም ቀለበት አለመፍቀዱን ገልጾ አስጠንቅቋል። ስኳር ያለበት ሰው ይህን አምኖ መድኃኒቱን ቢቀንስ ወይም ቢጨምር ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

እኔ ሰዓቷን አልጣልኳትም። ዛሬ የምጠይቃት "ከትናንት በልጬ ተራምጃለሁ?" ብቻ ነው። ካሎሪ የሚለውን ገጽ ከፍቼው አላውቅም፤ ሦስቱ ኪሎም ቀስ እያሉ እየወጡ ነው። ባልደረባዬስ? በልታ ጠጥታ ተዳረች። ቬሎውን ልብስ ሰፊው ትንሽ ሰፋ አደረገላትና አለቀ!