ቀለሙን ለተጫዋቹ መተው

እንግሊዛዊው ፕሮግራመር ሳይመን ታታም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሰባሰባቸው የእንቆቅልሽ ጌሞች 40 ገደማ ናቸው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች በነጻ ይሠራሉ።

ከነዚህ አንዱ «ማፕ» ይባላል። ለተጫዋቹ ብዙ ክልሎች ያሉት ካርታ ይቀርብለታል፤ ድንበርተኛ ክልሎች ቀለማቸው እንዳይመሳሰል አድርጎ በ4 ቀለማት ይሞላዋል። ሕጉ የሚጠይቀው አራቱ እንዲለያዩ ብቻ ነው፤ ቀይ ይሁኑ ሰማያዊ ግድ የለውም። ከጌሙ ጋር የሚመጡት ቀለማት ግን ወደ ቡናማና ወደ ወይራ ቅጠል የሚያደሉ፣ ደብዘዝ ያሉ ናቸው። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው እንቆቅልሹን መፍታት እየቻለ፣ ቀለማቱን መለየት ስላቃተው ብቻ ሊሸነፍ ይችላል። ይህ የዓይን ችግር አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑ ወንዶች መካከል ከ12ቱ አንዱ ገደማ አለበት።

መፍትሔው በጌሞቹ አሠራር ውስጥ አለ። ጌሙ ካርታውን ሲስል «ቡናማ ቀባ» ብሎ አያዝም፤ «ቀለም ቁጥር 3 ቀባ» ይላል እንጂ። ቁጥር 3 የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚወስነው ለብቻው የተቀመጠ ዝርዝር ነው። ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ የጌሙን ስም፣ የቀለሙን ቁጥርና ባለ 6 አሃዝ ኮድ ካስገባ፣ በዝርዝሩ ቦታ የእሱ ምርጫ ይተካል። ከኮዱ ሁለት ሁለት አሃዝ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ይደርሳል። እያንዳንዳቸው 256 ደረጃ ስላላቸው ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለማት ይገኛሉ። ከጨዋታው ሕግ አንዲት መስመር አትነካም።

ጉድለቱ ይህ በር የተሰወረ መሆኑ ነው፤ ኮድ መጻፍ ለማያውቅ ሰው አይታይም። ቀለም አስመርጦ ውጤቱን ወዲያው የሚያሳይ መስኮትና ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ቁልፍ ያስፈልጋል። ምርጫው ብቻውንም አይበቃም፤ ተጫዋቹ ሳያስበው ሁለት ተቀራራቢ ቀለማት ሊመርጥ ይችላል። በዚሁ ስብስብ ውስጥ ያለው «ጌስ» የተሰኘው ጌም ለዚህ መላ አለው፦ «ኤል» የሚለውን ፊደል ሲጫኑ በየቀለሙ ላይ ቁጥር ይወጣል።

ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ከመጀመሪያው ቀን ቀለማቱን በቁጥር ይጥሩ፤ ዋጋው ኢምንት ነው። በኋላ ይስተካከላል ብሎ መተው ግን ቀለም የሚጠራውን እያንዳንዱን መስመር እንደገና መጻፍን ያስከትላል፤ እስከዚያም ብዙ ተጫዋች በሩ ላይ ይቀራል።