ካዎ፥ አውራጃ፥ ቀበሌ፥ ዞን፦ የአካባቢ አስተዳደር ቃላት በወላይታ

የአስተዳደር ክፍልን የሚሰይም ቃል ሁለት ነገሮችን ባንድነት ይይዛል፤ አንደኛው መሬቱ፥ ሁለተኛው በመሬቱ ላይ የሚሠራው ሥልጣን ነው። ሥልጣኑ ተለውጦ ቃሉ ሲቀር፥ ወይም ቃሉ ተለውጦ ሥልጣኑ ሲቀጥል፥ ተርጓሚ በቀላሉ ይሳሳታል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በወላይታ ምሳሌነት ለማብራራት የቀረበ ነው።

ወላይታ በምሥራቅ በብላቴ፥ በምዕራብ በኦሞ ወንዝ፥ በደቡብ በአባያ ሐይቅ በኩል የሚዋሰን አገር ነው፤ ዋና ከተማው ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ይገኛል። እስከ 1887 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መንግሥት ነበረ። የንጉሡ መጠሪያ «ካዎ» ሲሆን፥ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በዚያ ዓመት በዐፄ ምኒልክ ጦር ተሸነፈ። በወላይትኛ መንግሥት የሚባለው ቃል «ካዎቴታ» ከዚሁ የረባ ነው፤ ስለዚህ ሹመቱ ቢቀርም ሥረ ቃሉ በሕይወት አለ።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃ፥ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፈለ፤ ወላይታም ከሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ሆነ። በዘመኑ መዛግብት «ወላሞ» የሚል ስም ይገኛል። ሕዝቡ ስሙን እንደ ስድብ ስለሚቈጥረው፥ ተርጓሚ የጥንት ጽሑፍ ሲጠቅስ ካልሆነ በቀር ሊጠቀምበት አይገባም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ጠቅላይ ግዛት «ክፍለ ሀገር»፥ ገዥ ደግሞ «አስተዳዳሪ» ተባለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፥ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋም ደነገገ። ቀድሞ ሠፈርን ወይም አካባቢን ብቻ ያመለክት የነበረው «ቀበሌ» በገጠርም በከተማም የአስተዳደር እርከን ስም ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አውራጃ ከእርከንነት ሲወጣ፥ በክልልና በወረዳ መካከል «ዞን» ገባ። ቃሉ መነሻው ግሪክ፥ ትርጉሙም መቀነት ነው። «ቀጣና» የተባለው አቻው ለጦርና ለጸጥታ ጉዳይ ስለ ተለመደ፥ ባዕዱ ቃል ጸና።

ስያሜ የቃል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ወላይታ በመራራ ሁኔታ አይቶታል። ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ሳለ፥ ከወላይታ፥ ከጋሞ፥ ከጎፋና ከዳውሮ ስሞች የመጀመሪያ ቀለማት «ወጋጎዳ» የሚባል ስም ተፈጠረ፤ አራቱን በማዋሐድም የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፥ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ቀሩ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች።

ይህ ሁሉ ለተርጓሚ የሚሰጠው ትምህርት አለ። የአሜሪካን «ታውንሺፕ» ለመተርጐም ብዙዎች «ቀበሌ» ወይም «ወረዳ» ይላሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ ያቋቋመው ታውንሺፕ እያንዳንዱ ጐኑ ስድስት ማይል የሆነ የቅየሳ አራት ማዕዘን ነው፤ ስፋቱም 36 ካሬ ማይል፥ ወደ 9,300 ሄክታር ይሆናል። በሌላ በኩል በአንዳንድ ግዛቶች ታውንሺፕ ማለት ነዋሪዎች ሹማምንቱን የሚመርጡለት የገጠር አስተዳደር ነው። ቀበሌ ከቅየሳ ሳይሆን ከማኅበር የተነሣ ነው፤ ወረዳ ደግሞ ብዙ ቀበሌዎችን ያቅፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን «የቅየሳ ክፍል»፥ ሁለተኛውን «የገጠር ታውንሺፕ አስተዳደር» ማለትና በመጀመሪያው አገባብ ማብራራት ይመረጣል። የአገር ውስጡን ጽሑፍ ወደ ውጭ ቋንቋ ስንመልስም አውራጃን፥ ወረዳንና ቀበሌን በስማቸው ትተን ዘመናቸውን መግለጽ ይገባል፤ የ1950ዎቹ ወረዳና የ2010ሮቹ ወረዳ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሥልጣናቸው አንድ አይደለምና።