ባለሀብቱ ሲሄድ ክለቡ ምን ይቀረዋል?

ብላክበርን ሮቨርስ ሜይ 14 ቀን 1995 አንፊልድ ላይ የውድድር ዘመኑን የመጨረሻ ጨዋታ ሲጀምር ማንቸስተር ዩናይትድን በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር። አለን ሺረር ቀድሞ አስቆጠረ። ሊቨርፑል አቻ ሆነ፤ በባከነው ሰዓት ደግሞ ጄሚ ሬድናፕ በቅጣት ምት ሁለተኛውን አገባ። ብላክበርኖች ሁሉም ነገር ከእጃቸው የወጣ መስሏቸው ሳለ ከለንደን ወሬ ደረሰ፤ ዩናይትድ ከዌስትሃም ጋር አንድ ለአንድ ተለያይቷል። የቡድኑ አሰልጣኝ ኬኒ ዳልግሊሽ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ስሙን በተከለበት ሜዳ፣ በተሸነፈበት ዕለት የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ክለቡ ሻምፒዮን ሲሆን ከ1914 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ድል ባለቤት ጃክ ዎከር ይባላል። በብረት ንግድ የከበረ የዚያው ከተማ ሰው ነው። በ1991 ክለቡን ሲረከብ ቡድኑ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። ዳልግሊሽን አመጣ፤ በ1992 ሺረርን በ3.6 ሚሊዮን፣ በ1994 ክሪስ ሳተንን በ5 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረመ፤ ሁለቱም ዝውውሮች በጊዜያቸው የእንግሊዝ ክብረ ወሰን ነበሩ። በተጫዋች ብቻም አላቆመም፤ ኢውድ ፓርክ ስታዲየምን እንደ አዲስ አሠራው፣ የልምምድ ማዕከልም ገነባ። ዎከር ለሀብቱ ማሳያ ክለብ የገዛ ሰው አልነበረም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚደግፈውን ቡድን ነው የረዳው። ይሁን እንጂ ከዋንጫው ማግስት ዳልግሊሽ ከአሰልጣኝነቱ ለቀቀ። በዚያው ዓመት በሻምፒዮንስ ሊግ ሞስኮ ላይ ዴቪድ ባቲና ግራም ለሶ፣ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች፣ ሜዳ ውስጥ እርስ በርስ ተደባደቡ። በ1996 ሺረር በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ኒውካስል ሄደ። በ1999፣ ዋንጫው ከተነሳ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ብላክበርን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ዎከር በማግስቱ ዓመት አረፈ።

በየሳምንቱ መጨረሻ በአዲስ አበባ የዲኤስቲቪ ቤቶች «በገንዘብ ነው የበሉት» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ ብዙ እውነት አለው። የኢኮኖሚ ምሁሩ ስቴፋን ሺማንስኪና ጋዜጠኛው ሳይመን ኩፐር «ሶከርኖሚክስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ የእንግሊዝ ክለቦች ለረጅም ዓመታት ሲታዩ በመካከላቸው ያለው የደረጃ ልዩነት 90 በመቶ ያህሉ በደመወዝ ወጪያቸው ይብራራል። ለዝውውር የሚወጣው ገንዘብ ግን ከውጤት ጋር እምብዛም አይገናኝም። ይህን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዝውውር በአንድ ክረምት ተከፍሎ ዜና ይሆናል። ትልቅ ደመወዝን ለ15 ዓመት ያለማቋረጥ መክፈል ግን ወይ የማይነጥፍ ኪስ፣ ወይ ክለቡ ራሱ የሚያመነጨው ገቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ገንዘብ ዋንጫ ያመጣል ወይ ለሚለው መልሱ ከሞላ ጎደል ታውቋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ ከፋዩ ሰው ሲታክተው፣ ሲከስር፣ ሲታሰር ወይም ሲሞት በቦታው የሚቀረው ምንድን ነው?

የሀብታም ባለቤትነት ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1923 የፊያት መሥራች ልጅ ኤድዋርዶ አኜሊ የዩቬንቱስ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ክለቡ ከ1931 እስከ 1935 አምስት ተከታታይ የሊግ ዋንጫ ወሰደ። ቤተሰቡ ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ከክለቡ ብዙም አልራቀም። ከደቡብ ጣሊያን ተሰድደው በፊያት ፋብሪካ የተቀጠሩት ሠራተኞች ዩቬንቱስን በየትውልድ መንደራቸው አስወደዱት፤ ክለቡ ከቱሪን አልፎ የአገር ሁሉ ሆነ። በ2006 በዳኞች ምደባ ቅሌት ወደ ሴሪ ቢ ሲወርድ ያነሳው ይህ ሥር ነው፤ ከ2012 እስከ 2020 ዘጠኝ ዋንጫ በተከታታይ በላ። በባለሀብት እጅ ሆኖ ለረጅም ዘመን ከታላቅነቱ ያልራቀ ክለብ ጥሩልኝ ብባል ከሁሉ አስቀድሜ ዩቬንቱስን እጠራለሁ። ከሀብት ጋር ጊዜ ብቻ በቂ እንዳልሆነ የሚያሳየው ደግሞ ባየር ሌቨርኩሰን ነው። በ1904 በመድኃኒት ኩባንያው በባየር ሠራተኞች ተመሥርቶ በኩባንያው ድጋፍ የኖረው ክለብ የመጀመሪያ የቡንደስሊጋ ዋንጫውን ያገኘው በ2024 ነው። ያኔም አንድ ጨዋታ ሳይሸነፍ የበላው በአሰልጣኙ በሻቢ አሎንሶ ሥራ እንጂ ከሌሎች የበለጠ ገንዘብ ስላወጣ አልነበረም።

ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ በ1986 ኤሲ ሚላንን ሲገዛ ክለቡ ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር። ጉሊትን፣ ቫን ባስተንንና ራይካርድን አመጣ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ፍራንኮ ባሬሲና ፓኦሎ ማልዲኒ ቀድሞውኑ እዚያው ያደጉ ልጆች መሆናቸው ነው። አሰልጣኙ አሪጎ ሳኪም በትልቅ ተጫዋችነት የሚታወቅ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ ያረፈው በተዘጋጀ መሬት ላይ ነው። በቤርሉስኮኒ ዘመን ሚላን አምስት የአውሮፓ ዋንጫ ወሰደ፤ የመጀመሪያው በ1989፣ የመጨረሻው በ2007። የባለቤቱ አቅም ሲዳከም ግን ቁልቁለቱ ፈጣን ሆነ። በ2012 ቲያጎ ሲልቫንና ኢብራሂሞቪችን ለፓሪስ ሳን ዠርመን ሸጠ፤ የድሮው ባለጸጋ ለአዲሱ ባለጸጋ ተጫዋቹን ሲያስረክብ ዘመን እየተቀየረ እንደነበር ማንም ያውቃል። በ2017 ክለቡን በ740 ሚሊዮን ዩሮ ስምምነት የገዙት ቻይናዊ ባለሀብት በማግስቱ ዓመት ብድራቸውን መክፈል አቅቷቸው ክለቡ በአበዳሪው ድርጅት እጅ ገባ። ሚላን በ2022 እንደገና የጣሊያን ሻምፒዮን ለመሆን 11 ዓመት ጠብቋል።

ሮማን አብራሞቪች በ2003 ቼልሲን ሲገዛ ክለቡ በታሪኩ አንድ የሊግ ዋንጫ ብቻ ነበረው፤ ያም የ1955ቱ። በ19 ዓመት ውስጥ አምስት የሊግና ሁለት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ጨመረ። አሰልጣኝ በየጊዜው የሚባረርበት ቤት እንዴት ይህን ያህል አሸነፈ? ምክንያቱ ሥር ላይ የነበረው ነገር አለመናወጡ ይመስለኛል። የኮብሃም አካዳሚ በዝምታ ይሠራ ነበር፤ በ2021 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ማንቸስተር ሲቲን ሲያሸንፉ ሜሰን ማውንትና ሪስ ጄምስ የዚያ አካዳሚ ልጆች ሆነው ነው የተሰለፉት። ከዚያ 2022 መጣ። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር እንግሊዝ አብራሞቪች ላይ ማዕቀብ ጣለች፤ ክለቡ ትኬት እንኳ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ቼልሲ ግን አልፈረሰም፤ በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ከግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ለዝውውር አፍስሰው የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን 12ኛ ሆነው ጨረሱ። ወጪ ብቻውን ዕቅድ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም። ቼልሲ በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫን ሲያነሳ ባለቤት ተቀይሮም ክለብ ሊቀጥል እንደሚችል ታየ። ለዚህ ግን የለንደን ከተማ፣ የሊጉ የቴሌቪዥን ገቢና የሁለት አሥርት ዓመታት ስም አግዘውታል።

እነዚህ የሌሏቸው ክለቦች ምን ይሆናሉ? በዳግስታን የነበረው አንዢ ማካችካላ በ2011 በሱለይማን ከሪሞቭ እጅ ገባና ሳሙኤል ኤቶን በዘመኑ ከነበሩት የዓለም ተጫዋቾች ሁሉ ትልቁ ነው በተባለ ደመወዝ አስፈረመ። ተጫዋቾቹ የሚኖሩትም የሚለማመዱትም ሞስኮ ነበር፤ ወደ ክለባቸው ከተማ በአውሮፕላን የሚሄዱት ለጨዋታ ነው። በ2013 ክረምት ባለቤቱ በጀቱን ቆረጠ፤ ቡድኑ ተበትኖ ተሸጠ፤ በ2014 ወረደ። ዛሬ ያ ክለብ የለም።

የማላጋ ታሪክ የበለጠ ያሳዝነኛል። በ2010 በኳታሩ ሼክ አብዱላህ አል ታኒ የተገዛው ክለብ በ2013 በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ዶርትሙንድ ሜዳ ላይ እስከ 90ኛው ደቂቃ 2 ለ 1 ይመራ ነበር። በባከነው ሰዓት ማርኮ ሮይስ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ፌሊፔ ሳንታና ሦስተኛዋን አስገባ፤ ኳሷ ከጨዋታ ውጪ እንደነበረች ምስሉ ያሳያል። ግን ጉዳቱ ከዚያ ሌሊት ቀድሞ ጀምሯል። ደመወዝ ዘግይቶ፣ ሳንቲ ካሶርላ በ2012 ወደ አርሰናል ተሸጦ ነበር፤ ኢስኮም በዚያው 2013 ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። በ2018 ማላጋ ወረደ፤ በ2020 ፍርድ ቤት ባለቤቱን ከአስተዳደሩ አነሳ፤ በ2023 ሦስተኛ ዲቪዚዮን ደረሰ። በማግስቱ ዓመት ወደ ሁለተኛው ሲመለስ ክለቡን ያቆመው ባለሀብቱ ሳይሆን ደጋፊው ነበር።

ማንቸስተር ሲቲን በዚህ ሚዛን ማየት ያስፈልጋል። በ1998/99 በእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን የተጫወተ ክለብ ነው። በሴፕቴምበር 2008 የአቡዳቢው ሼክ መንሱር ገዝተውት በዚያው ቀን ሮቢንሆ ከሪያል ማድሪድ በ32.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ። ሮቢንሆ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። ወሳኙ ግዢ የመጣው በ2012 ነው፤ እሱም ተጫዋች አልነበረም። ፌራን ሶሪያኖና ቺኪ ቤጊሪስታይን ከባርሴሎና የአሠራር ዕውቀታቸውን ይዘው መጡ። በ2014 ግዙፉ የልምምድና የታዳጊዎች ማዕከል ተከፈተ፤ በ2016 ፔፕ ጓርዲዮላ ሲደርስ የሚመቸው ቤት ተሠርቶ ነበር የጠበቀው። የ100 ነጥቡ 2018፣ የሦስትዮሽ ዋንጫው 2023፣ ከ2021 እስከ 2024 የተከታተሉት አራት የሊግ ዋንጫዎች የዚህ ውጤት ናቸው። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2023 ፕሪሚየር ሊጉ ክለቡን ከመቶ በሚበልጡ የፋይናንስ ደንብ ጥሰቶች ከሷል። ሲቲ ክሱን ያስተባብላል። የክሱ ፍሬ ነገር ከኛ ጥያቄ ጋር አንድ ነው፦ ገቢው በእርግጥ የክለቡ ነበር ወይስ የባለቤቱ?

ፓሪስ ሳን ዠርመን ትምህርቱን በውድ ዋጋ ነው የተማረው። የኳታር ገንዘብ በ2011 ከገባ በኋላ የፈረንሳይ ሊግ የግል ንብረቱ ሆነ። በ2017 ለኔይማር 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ፤ በ2021 ሜሲ ተጨመረ፤ ሁለቱ ከምባፔ ጋር አንድ ላይ ቆመው አውሮፓን አላሸነፉም። ሜሲና ኔይማር በ2023፣ ምባፔ በ2024 ሄዱ። ሜይ 31 ቀን 2025 ሙኒክ ላይ ሉዊስ ኤንሪኬ በወጣቶች የሠራው ቡድን ኢንተርን 5 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንስ ሊግ ወሰደ፤ የ19 ዓመቱ ዴዚሬ ዱዌ ሁለት ጎል አገባ። ርካሽ ቡድን አልነበረም። ግን ሁሉም ይሮጥ ነበር።

ባለቤት የሌላቸው ክለቦችም ከገንዘብ ነጻ አይደሉም። ሪያል ማድሪድ የአባላቱ ነው፤ 15 የአውሮፓ ዋንጫ አለው። ይሁንና ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ በ2003 ቤካምን አስፈርመው ማኬሌሌን ለቼልሲ ከሸጡ በኋላ ክለቡ ለሦስት ዓመት ትልቅ ዋንጫ አላየም። ባርሴሎናም የአባላት ሆኖ ዕዳው ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ አልፎ ሜሲን አጥቷል። በተቃራኒው ማንቸስተር ዩናይትድ ሀብታም ባለቤት አለው። የግሌዘር ቤተሰብ ግን በ2005 ሲገዛው የግዢውን ዕዳ ክለቡ ላይ ጭኖታል፤ የመጨረሻው የሊግ ዋንጫ 2013 ላይ ቆሟል። የባለቤቱ ሀብት ወደ ክለቡ ካልፈሰሰ ለደጋፊው ምንም አይደለም።

ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት ነው። ባለሀብት ባይሆንም ከፋዩ አንድ ነው፤ በጀቱ ሲታጠፍ የተጫዋች ደመወዝ ይቋረጣል። ከትኬት፣ ከማልያና ከደጋፊ መዋጮ ደመወዙን የሚሸፍን ክለብ እስኪኖረን ድረስ የማላጋ ዕጣ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አሁን ያለው ትልቁ ፈተና ኒውካስል ነው። በ2021 ክለቡን በ305 ሚሊዮን ፓውንድ የገዛው ኅብረት ዋና ባለድርሻ የሳዑዲ አረቢያ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፤ በኪስ የሚስተካከለው የለም። ሆኖም ሊጉ በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰርን ይከለክል ስለነበር ያን ኪስ እንዳሻው ሊከፍተው አልቻለም። እንዲህ ያለ ደንብ ክለቦችን ከአንዢ ዕጣ ይጠብቃል፤ የድሮ ትልልቆችንም በቦታቸው ያጸናል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ አንዱን ብቻ የሚያወራ ሰው አያሳምነኝም። በማርች 2025 ኒውካስል ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ዋንጫ ሲያነሳ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳቅ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ኢሳቅ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወደዚያው ወደ ሊቨርፑል ሄደ። በ2023/24 የኒውካስል ገቢ 320 ሚሊዮን፣ የሊቨርፑል 614 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ይህን ልዩነት የሚያጠብ ስታዲየምና አካዳሚ እስኪሠራ ድረስ የባለቤቱ ሀብት ምርጡን አጥቂ እንኳ ማቆየት አይችልም።