ብረት ለበሷ መርከብና የለገሃር ሐዲድ

ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርስ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሞበታል። ጣቢያውንና መድፉን የሚያገናኝ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ከባሕር በራቀችው አዲስ አበባ ግን ሊታይ አይችልም። እሱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተወለደው ብረት ለበስ የጦር መርከብ ነው። መድፉ ስሙን ያገኘበት ጦርነት መርከቧንም ወልዷታል። መርከቧ የጠየቀችው ከሰልና ወደብ ደግሞ ሐዲዱ ጅቡቲ ላይ እንዲያበቃ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ይቺን መርከብ መተዋወቅ ለእኛ ከሩቅ አገር የቴክኒክ ታሪክ በላይ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዘመናት የጦር መርከብ የሚሠራው ከወፍራም የባሉጥ እንጨት ነበር። በሸራና በነፋስ ይሄዳል፤ በግራና በቀኝ ጎኑ መድፍ ይደረደርበታል። የመድፉ አረር ድፍን ብረት ስለነበር ግድግዳውን ይበሳል እንጂ ብዙ ጊዜ መርከቡን አያሰጥምም። አናጢዎች ቀዳዳውን ይወትፋሉ፣ ውጊያው ይቀጥላል። ይህን የለወጠው ፔክሳን የሚባል የፈረንሳይ መድፈኛ መኮንን ነው። በ1820ዎቹ ውስጡ ባሩድ የተሞላ፣ እንጨቱ ውስጥ ተሰንቅሮ የሚፈነዳ ጥይት ቀጥታ የሚተኩስ የመርከብ መድፍ ሠራ። መዘዙ በግልጽ የታየው ኖቬምበር 30 ቀን 1853 ጥቁር ባሕር ላይ፣ ሲኖፕ ወደብ ነው። በአድሚራል ናኪሞቭ የሚመራው የሩሲያ ባሕር ኃይል የኦቶማን ቱርክን መርከቦች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድዶ አመድ አደረጋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ በእንጨት መርከብ ወደ ውጊያ መግባት እሳት ውስጥ መግባት ሆነ።

ሲኖፕ የክሪሚያን ጦርነት አባባሰው። ከቱርክ ጎን የተሰለፈችው ፈረንሳይም ጎናቸው በ11 ሳንቲሜትር ብረት የተሸፈነ፣ እምብዛም ፍጥነት የሌላቸው ተንሳፋፊ ምሽጎችን ሠርታ ላከች። ኦክቶበር 17 ቀን 1855 ሦስቱ ኪንበርን የተባለውን የሩሲያ ምሽግ ተጠግተው ተኮሱ። ከምሽጉ የተወረወረው አረር ብረታቸው ላይ እየነጠረ ባሕር ገባ፤ ምሽጉ በዚያው ቀን እጁን ሰጠ። የዚሁ ጦርነት ዋና መናኸሪያ ለአንድ ዓመት ያህል ተከብባ የቆየችው ሴባስቶፖል ነበረች። ከበባው ገና ሳያበቃ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። ኋላም ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ትልቅ መድፍ የዚያችን ከተማ ስም ወሰደ። እየተጎተተ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው ነው። የቴዎድሮስ ሰዎች በሸክላ ቅርጽ ነሐስ ሲያፈሱ፣ በአውሮፓ ደግሞ ብረት በእንፋሎት ኃይል በሚዞር ሮለር እየተዳመጠ የመርከብ ጥሩር ይሆን ነበር። ንጉሡ ከውጭ አጥብቀው የለመኑት ባለሙያ ነው። የዘመኑ ኃይል ከማቅለጫው እንደሚወጣ ተረድተዋል፤ ለእኔ ከቴዎድሮስ ራእይ ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው።

የመጀመሪያዋ ውቅያኖስ የምትሻገር ብረት ለበስ መርከብ በ1859 ባሕር የገባችው የፈረንሳይዋ ግሏር ናት። ንድፉን ያወጣው ዱፒ ደ ሎም ሲሆን፣ አካሏ እንጨት፣ ልብሷ ብረት ነበር። እንግሊዞች በዓመቱ ዋሪየርን አወረዱ። እሷ አካሏም ብረት ነው። ርዝመቷ 128 ሜትር፣ ክብደቷ ከ9 ሺህ ቶን በላይ፣ የያዘችው ሰው 700 ገደማ ነበር።

ዋሪየር ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የሙያው ምስጢር ሁሉ ግድግዳዋ ውስጥ አለና። የውጭው ብረት ውፍረቱ 11.4 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ከጀርባው ግን 45 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የቲክ እንጨት ተነጥፎ፣ ሁለቱ በትላልቅ ብሎኖች ተጠፍረዋል። ብረት ብቻውን ቢሆን ከባድ አረር ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ብሎኖቹም እየተነቀሉ ወደ ውስጥ ተፈናጥረው ሰው ይገድላሉ። እንጨቱ ምቱን ውጦ ያበርደዋል። ይህን የደረሱበት በግምት አይደለም፤ የግድግዳውን ናሙና ሠርተው መድፍ ፊት እያቆሙ በመተኮስ ነው። ብረት ደግሞ ይከብዳል፤ መርከቧን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያለብሷት አትራመድም። ስለዚህ ያለበሱት መድፎቹ ያሉበትን መሐል፣ ከርዝመቷ እኩሌታ ያህሉን ነው። ፊትና ኋላዋን በብዙ ውኃ በማያሳልፉ ክፍሎች ከፋፈሉት፤ አንዱ ቢበሳ ሌላው እንዳይሞላ። ከዚያ በኋላ የመጣው ንድፍ ሁሉ የሚታገለው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው፦ ስንት ብረት፣ የት ላይ፣ ከምን ተቀንሶ?

ዋሪየር እንፋሎት እያላት ሦስት ምሰሶና ሙሉ ሸራ ተሸክማለች። ምክንያቱ ከሰል ነው። 850 ቶን ከሰል ጭና እንኳ ረጅም ውቅያኖስ በእንፋሎት ብቻ ማቋረጥ አትችልም ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

ማርች 1862 አሜሪካ ውስጥ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ብረት ለበስ ከብረት ለበስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጠሙ። የደቡቦቹ ቨርጂኒያ በመጀመሪያው ቀን ሁለት የእንጨት መርከቦችን ደመሰሰች። በማግስቱ የሰሜኖቹ ሞኒተር መጥታ ለሰዓታት ቢታኮሱም አንዷ ሌላዋን መብሳት አቃታት። ሞኒተርን የነደፈው ስዊድን የተወለደው ኤሪክሰን ሲሆን፣ ሁለት መድፎቿን ያኖረው በሚሽከረከር የብረት ማማ ውስጥ ነው። መርከቧን ከማዞር መድፉን ማዞር! ዛሬም የጦር መርከብ መድፍ የሚቀመጠው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ ይቀርባል፤ ባለቤቱ ጣሊያን ናትና። ከተመሠረተች አምስት ዓመት የሆናት የጣሊያን መንግሥት ጁላይ 20 ቀን 1866 ሊሳ ደሴት አጠገብ 12 ብረት ለበስ አሰልፋ ሰባት ካሰለፈችው ኦስትሪያ ጋር ገጠመች፤ ተሸነፈችም። የኦስትሪያው አድሚራል ቴጌትሆፍ የሚመራት መርከብ የጣሊያኗን ሬ ዲታሊያን በአፍንጫዋ ወግታ በደቂቃዎች ውስጥ አሰጠመቻት፤ 400 ያህል ሰው አለቀ። ጣሊያን ውርደቱን ለመሻር ብዙ ገንዘብ ለባሕር ኃይሏ አፈሰሰች። በቤኔዴቶ ብሪን ንድፍ የተሠራችው ዱሊዮ በ1876 ባሕር ስትገባ ሸራ የሚባል አልነበራትም። እያንዳንዳቸው 100 ቶን የሚመዝኑ፣ የአፋቸው ስፋት 45 ሳንቲሜትር የሆነ አራት መድፎች፣ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የአረብ ብረት ጥሩር ተሸከመች። አንዱ ጥይት 900 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ሸራው ሲወርድ ግን ጥያቄው ሁሉ ወደ ከሰል ዞረ። የሚንቀሳቀሰው በከሰል ብቻ የሆነ የጦርም የንግድም መርከብ በየመንገዱ ከሰል የሚሞላበት ወደብ ይፈልጋል። እንግሊዝ ኤደንን የያዘችው በ1839 ነው። ፈረንሳይ ኦቦክን በ1862 ገዛች። የስዊዝ ቦይ በኖቬምበር 1869 ሲከፈት ቀይ ባሕር የአውሮፓና የእስያ ዋና ጎዳና ሆነ። በዚያው ወር የጣሊያኑ የሩባቲኖ መርከብ ድርጅት በሚሲዮናዊው ሳፔቶ አማካይነት አሰብ ላይ መሬት ገዛ፤ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። ፈረንሳይ በ1884 ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዞች ኤደን ላይ ከሰል ከለከሏት፤ ኦቦክን ማልማት የጀመረችው ያኔ ነው። ብዙም ሳይቆይ የተሻለ ወደብ ፈልጋ ወደ ጅቡቲ ተሻገረች። ባሕር ዳርቻችን በሌሎች እጅ የገባበትን ታሪክ ስናነብ ሚሲዮናዊውንና ዲፕሎማቱን እናያለን፤ ከጀርባቸው ግን የመርከቡ እቶን ነበር።

ብረት ለበሶቹ ራሳቸው እጣችን ላይ እጃቸውን ያሳረፉበት ቀን ጁላይ 11፣ 1882 ነው። ስምንት የእንግሊዝ ብረት ለበሶች የግብጽን እስክንድርያ ሲደበድቡ ዋሉ። ከመካከላቸው 61 ሳንቲሜትር ጥሩር የለበሰችው ኢንፍሌክሲብል ነበረች። ድብደባውን ተከትሎ እንግሊዝ ግብጽን ያዘች፤ ምጽዋም የግብጽ ስለነበረች ዕጣዋ በለንደን እጅ ወደቀ። የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ወደ አድዋ መጥቶ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተዋዋለ። ዮሐንስ ሱዳን ውስጥ ባመፁት ማህዲስቶች የተከበበውን የግብጽ ጦር ሊያስወጡ፣ በምላሹ ቦጎስ ሊመለስላቸውና በምጽዋ ዕቃና መሣሪያ ያለ ቀረጥ ሊያስገቡ። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ በጥር 1877 ዓ.ም. ጣሊያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ወረዱ። ይህ ክህደት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ 500 ያህል ጣሊያኖችን ደመሰሱ። ጣሊያን ግን የባሕሩ መንገድ ክፍት ስለሆነላት 20 ሺህ ያህል ወታደር በመርከብ አመጣች። አፄ ዮሐንስ ትልቅ ሠራዊታቸውን ይዘው በ1880 ዓ.ም. ሰሐጢ ድረስ ወርደው ምሽጉን አይተው ሳይዋጉ ተመለሱ። ምጽዋ ደሴት ናት፤ መርከብ የሌለው ጦር የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን ከባሕር የሚመገብን ወደብ በረሃብ ማንበርከክ አይችልም። በአንጻሩ የመርከቡም ኃይል ዳርቻው ላይ ያበቃል። አድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች ያላቸው በበቅሎ የተጫነ ቀላል መድፍ ነበር፤ የዱሊዮ መቶ ቶን ተራራ አይወጣም። ጣሊያን ደጋውን አጣች፣ ባሕሩን ግን አልለቀቀችም። ለእኔ ይህ የዚያ ዘመን ቁልፍ ነው።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲሰጡ ለሐዲዱ የቀረው መውጫ ፈረንሳይ ከሰል የምትሞላበት ጅቡቲ ነበር። ሥራው በ1897 ተጀመረ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የለገሃር ጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የምናውቀው ነው። በ1928 ዓ.ም. የመጣው ወራሪ በስዊዝ አልፎ በምጽዋ ወረደ። ያኔ ብረት ለበሷ ከሥራ ከወጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። የተሻሻለ የአረብ ብረት ጥሩር የለበሱ መርከቦች በ1890ዎቹ ቦታዋን ወስደዋል፤ በ1906 ደግሞ የእንግሊዟ ድሬድኖት ከእሷ በፊት የነበረውን ሁሉ አሮጌ አድርጋዋለች። ድሬድኖትን ያሠራው አድሚራል ፊሸር እስክንድርያ ስትደበደብ የኢንፍሌክሲብል አዛዥ የነበረው ሰው ነው።

ለታሪክ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ዶጋሊንና አድዋን ስታስተምሩ በእስክንድርያው ድብደባ ጀምሩ፤ ካርታው ላይም ኤደንን፣ ኦቦክንና አሰብን አስቀምጡ። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ፖርትስመዝ ሂዱ። ዋሪየር ታድሳ ከ1987 ጀምሮ እዚያ ወደብ ላይ ቆማለች፤ ለጎብኚም ክፍት ናት። መድፎቿን ካያችሁ በኋላ ወደ ታች ውረዱና ከሰል ይነድበት የነበረውን ክፍል ሳታዩ አትመለሱ።